ቅርጹ ከሽመናው ነው ወይስ ከመቀስ? ክብና ያልተለመደ ቅርጽ ያለው የፋርስ ስጋጃ ከመግዛትዎ በፊት እንዴት እንደሚመረመር

የሽመና ዕቃ የሚወደው አራት ማዕዘን ነው። ድሩ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይወጠራል፣ ማጉ ከግራ ወደ ቀኝ ይገባል፣ የሚወጣውም አራት ጠርዝ ያለው ስጋጃ ነው። ክብ፣ ሞላላ፣ ባለ ስምንት ማዕዘን፣ አንገቱ የጠበበ የጨው ከረጢት ወይም ፊቱ የተሰነጠቀ የፈረስ ግላስ ለመሥራት ሸማኔዋ ከዕቃው ጠባይ ጋር ትታገላለች። ዋጋው የሚወደደው በዚሁ ነው። ዋጋው ሲወደድ ደግሞ መቀስ ይገባበታል፤ ዳር ዳሩ በብል የተበላ ትልቅ ስጋጃ ተቆርጦ "ብርቅ የሆነ ክብ የፋርስ ስጋጃ" ተብሎ ይሸጣል።

ስለዚህ የሚመረመረው ጉዳይ አንድ ነው፦ ቅርጹ ከሽመናው ጋር አብሮ ተወለደ ወይስ በኋላ በመቀስ መጣ? ፊቱን አይተው መልሱን አያገኙትም። መልሱ ያለው ከጀርባውና ከጠርዙ ነው።

ለምርመራው የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ የልብስ ስፌት ሜትር፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ ጫፉ የደነዘ መርፌ፣ የስልክ መብራት፣ ነጭ የጥጥ ጨርቅና ጥቂት ውሃ። ስጋጃው ሙሉ በሙሉ ሊዘረጋ የሚችልበት ወለልም ይጠይቁ። ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ የሚገዛ ክብ ስጋጃ ቤት ሲደርስ ጠርዙ ሲሞገድ ይገኛል።

ደረጃ 1፦ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ይለዩ

ክብና ሞላላ ስጋጃ በብዛት የሚሠራው በታብሪዝ፣ በናዒን፣ በኢስፋሃንና በቆም የከተማ ሸማኔዎች እጅ ነው። ፋርሶች ክቡን "ገርድ" ይሉታል። እነዚህ ንድፋቸው አስቀድሞ በወረቀት ላይ የሚሣል፣ ለወለል የተሠሩ ዕቃዎች ናቸው።

ሁለተኛው ወገን የዘላንና የገጠር ዕቃ ነው። ቅርጹ የመጣው ከሥራው እንጂ ከጌጥ አይደለም። "ኮርጂን" በእንስሳ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል መንታ ከረጢት ነው፤ ቃሽቃይ፣ ባክቲያሪ፣ አፍሻርና ሻህሰቨን የተባሉ ጎሣዎች ይሠሩታል። "ነማክዳን" የጨው ከረጢት ነው፤ አንገቱ የጠበበው ታጥፎ አፉን እንዲዘጋ፣ ጨውም እንዳይረጥብ፣ በግና ፍየልም አፋቸውን እንዳይከቱበት ነው። የቢጃርና የሳናንዳጅ ኩርዶች ኮርቻ ላይ የሚለብስ ግላስ በቋጠሮ ይሠራሉ። የዮሙት ቱርክመኖች ደግሞ የሙሽራዋን ግመል ጎን የሚያስጌጥ ባለ አምስት ማዕዘን "አስማሊክ" አላቸው፤ ለግራና ለቀኝ በጥንድ ስለሚሠራ ጥንዱ ሳይለያይ ከተገኘ ዋጋው ከሁለት ነጠላዎች ድምር ይበልጣል።

"ዋጊሬ" የሚባለውን ለብቻው መጥቀስ ያስፈልጋል። ቅርጹ አራት ማዕዘን ቢሆንም ንድፉ እንግዳ ነው፤ ሸማኔዎች እያዩ የሚገለብጡት የናሙና ቁራጭ ስለሆነ ግማሽ አበባ፣ ሩብ ማዕከል፣ ሁለትና ሦስት ዓይነት ጥለት ጎን ለጎን ተቋጥሮበት ይገኛል። የቢጃር ዋጊሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል። ከትልቅ ስጋጃ የተቆረጠ ቁራጭም በዚህ ስም ስለሚሸጥ አራቱም ጠርዞቹ መነሻና መድረሻ እንዳላቸው በደረጃ 3 ዘዴ ይፈትሹ።

ደረጃ 2፦ ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ

በእጅ የተቋጠረ ስጋጃ ጀርባው ላይ ንድፉ እንደ ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት እያንዳንዱ ቋጠሮ ትንሽ እብጠት ነው፤ እብጠቶቹ በመጠን ጥቂት ይለያያሉ፣ የማጉ መስመርም እንደ ማስመሪያ ቀጥ አይልም። በማሽን የተሠራው መስመሩ ፍጹም ቀጥ ያለ ነው፤ ጠርዙም በኦቨርሎክ ተዘምዝሟል።

ጀርባው በሸራ ተሸፍኖ ሸራው በሙጫ ከተለጠፈ፣ ክሩ አልተቋጠረም፤ በመርፌ ተተኩሶ በማጣበቂያ የተያዘ ነው። በገበያ ላይ ካሉት ክብ ስጋጃዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ስለሚሠራቸው ሻጩ "የእጅ ሥራ ነው" ቢል ቃሉ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ "የእጅ ሥራ ነው?" ብለው አይጠይቁ፤ "እያንዳንዱ ክር በድሩ ላይ ተቋጥሯል?" ብለው ይጠይቁ።

ጀርባው በሙጫ ሳይሆን በመርፌ በተሰፋ ጨርቅ ከተሸፈነ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከጠርዙ ተተርትሮ እንዲታይ ይጠይቁ። ሻጩ እንቢ ካለ ይተዉት።

ደረጃ 3፦ ጠርዙን ዙሪያውን ይከተሉ

ይህ ደረጃ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ለ2 ሜትር ክብ ስጋጃ ግማሽ ሰዓት ቢያጠፉበት አይቆጭም።

በመጀመሪያ ክብ ስጋጃ እንዴት እንደሚሠራ በዓይነ ልቦናዎ ይያዙ። ድሩ በክብ አይወጠርም፤ እንደማንኛውም ስጋጃ ሁሉ ትይዩ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይወጠራል። ሸማኔዋ በመጀመሪያው ረድፍ መሐል ላይ ጥቂት ቋጠሮዎች ትቋጥራለች፣ በሚቀጥለው ረድፍ በግራና በቀኝ ትጨምራለች፣ ወገቡ ላይ ስትደርስ መጨመሩን ታቆማለች፣ ከዚያ መቀነስ ትጀምራለች። ስለዚህ ክቡ በእውነት የደረጃ መስመር ነው። በመነሻውና በመድረሻው በኩል አንዱ ረድፍ ከሌላው ብዙ ቋጠሮ ይረዝማል፤ በግራና በቀኝ ወገቡ ላይ ግን ብዙ ረድፍ አልፎ ነው አንድ ቋጠሮ የሚጨመረው። ጀርባውን በመብራት በአግድም ሲያበሩት እነዚህ ደረጃዎች ይታያሉ። ከታዩ ጥሩ ምልክት ነው። ቋጠሮው ሻካራ ከሆነ ደረጃው እንደ መጋዝ ጥርስ ይጎላል፤ ለዚህ ነው ሻካራ ቋጠሮ ያለው ጥሩ ክብ ስጋጃ የማይገኘው።

አሁን ጠርዙን ይያዙ። በሽመና በተወለደ ክብ ላይ የመጨረሻው ቋጠሮ ሙሉ ነው። ከእርሱ ውጭ ያለው ትርፍ ድር ወይም ጸጉር የሌለው ጠባብ ልሙጥ ሽመና ወደ ጀርባ ታጥፎ በመርፌ ተይዟል፣ ዳሩም በሱፍ ወይም በጥጥ ክር ተዘምዝሟል። በተቆረጠ ስጋጃ ላይ ግን የመጨረሻው ቋጠሮ ግማሽ ነው። በደነዘው መርፌ ጠርዙን ቀስ አድርገው ገለጥ ያድርጉት፤ ግማሽ ቋጠሮ በቀላሉ ይወልቃል። ዳሩን የያዘው የተለጠፈ ጥብጣብ ወይም የደረቀ ማስቲሽ ከሆነ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ዘርፉን ይመልከቱ። የስጋጃ ዘርፍ የድሩ ጫፍ ነው፤ ድሩ ትይዩ ከሆነ እውነተኛው ዘርፍም ትይዩ ሆኖ ወደ ሁለት አቅጣጫ ብቻ ይወጣል። ዘርፉ እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን ከተበተነ በኋላ የተሰፋ ጌጥ ነው። ይህ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፤ ብዙ ጥሩ የናዒንና የታብሪዝ ክቦች እንዲህ ይጨረሳሉ። ችግሩ የተሰፋው ዘርፍ ከሥሩ ያለውን ጠርዝ መሸፈኑ ነው፤ ስለዚህ ዘርፉን አንስተው ከሥሩ ያለውን ይዩ።

ሦስተኛው ጥለቱ ነው። ለክብ ተብሎ በተሣለ ንድፍ ጥለቱ ከክቡ ጋር ይዞራል፣ አበቦቹ ሙሉ ናቸው፣ አንዱ አበባ ከሌላው ያለው ርቀትም ዙሪያውን ተቀራራቢ ነው። ጥለት ጨርሶ ከሌለ፣ ወይም ጥለቱ አንድ ቦታ አበባውን በግማሽ ጥሎ ከቀጠለ ይጠራጠሩ።

አራተኛውን ሙከራ ብዙ ገዢ አያውቀውም፤ ይሁንና ከሁሉም አስተማማኙ እርሱ ነው። የስጋጃ ጸጉር በአንድ አቅጣጫ ይተኛል፤ መዳፍዎን ሲያሳልፉ በአንድ በኩል ይለሰልሳል፣ በተቃራኒው ይቆማል። ከመሐል ተነሥተው ወደ ጥለቱ እጅዎን ያሳልፉ፣ ከዚያ ጥለቱን ይዘው ዙሩት። በሽመና በተወለደ ክብ የጸጉሩ አተኛኘት የትም ቦታ አይለወጥም። በጥለቱ ላይ ሲዞሩ አቅጣጫው አብሮ ከዞረ፣ ጥለቱ ከቀጥተኛ ስጋጃ ተቆርጦ ተጠማዝዞ የተሰፋ ነው። እንዲህ ያለው ስጋጃ በውስጠኛው ዳር እንደ ቀሚስ ሽንሽን የተሰበሰበ ቦታም አይጠፋበትም።

መጋጠሚያ ስፌት ሁሉ ግን ሐሰት አይደለም። በኦማን ሙስካት የሱልጣን ቃቡስ ታላቁ መስጊድ ውስጥ ያለው፣ ከ70 በ60 ሜትር በላይ የሆነው የኢራን ስጋጃ በ58 ቁራጮች ተሠርቶ እዚያው የተጋጠመ ነው። ልዩነቱ፣ ሲጋጠም ንድፉ ከቋጠሮ ወደ ቋጠሮ መግባቱና የጸጉሩ አቅጣጫ መጠበቁ ነው።

ደረጃ 4፦ ግላስና ከረጢት ከሆነ

የኮርቻ ግላስ ከፊቱ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ አለው፤ የኮርቻው እራስ የሚያልፍበት ነው። ስንጥቁ የተሸመነ ከሆነ ማጉ እስከ ስንጥቁ ዳር መጥቶ ይመለሳል፣ ስለዚህ ሁለቱም ከንፈሮች የራሳቸው ጥብቅ ጠርዝ አላቸው። ከትንሽ ስጋጃ ላይ በመቀስ የተከፈተ ስንጥቅ ይተረተራል፤ እንዳይተረተር በወፍራም ክር ወይም በቆዳ ይታሰራል። ቆዳ ግን በእውነተኛውም ላይ ስለሚኖር ቆዳውን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ማግ ይዩ። በአገልግሎት የኖረ ግላስ ፈረሰኛው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ጸጉሩ ያለቀ ነው። ዙሪያው ሁሉ እኩል ያለቀ "ጥንታዊ" ግላስ አስረጅተውት ነው።

ኮርጂን አንድ ወጥ ሆኖ ይሸመንና ታጥፎ በጎንና በጎኑ ይሰፋል። ስለዚህ የከረጢቱ ታች እጥፋት እንጂ ስፌት መሆን የለበትም። የባክቲያሪና የሉር ከረጢቶች ላይ ከታች በኩል ጸጉር ያለው ቁራጭ ያገኛሉ፤ ከመሬትና ከእንስሳው ጎን ጋር የሚፋተገው እርሱ ስለሆነ ጥበባቸው እዚያ ላይ ነው። አፉ የሚዘጋው በቀለበት ነው፤ አንዱ የክር ቀለበት በስንጥቅ ወጥቶ ቀጣዩን ያልፋል፣ እንደ ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ይያያዛል። ቀለበቶቹና ጀርባው ተሟልተው የተገኙበት ኮርጂን ከተቆረጠ የፊት ገጽ ብዙ ይበልጣል።

ደረጃ 5፦ ይለኩ

ክቡን በአራት አቅጣጫ ይለኩ፦ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱን ሰያፍ አቅጣጫዎች። በ2 ሜትር ስጋጃ ላይ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ልዩነት የእጅ ሥራ ጠባይ ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ የድሩ ውጥረት ተዛብቷል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ መሐል ያለው ድር ከላይ እስከ ታች ቋጠሮ ይሸከማል፣ ዳር ያለው ግን ጥቂት ብቻ፤ ሸማኔዋ ውጥረቱን እየጠበቀች ካልሄደች መሐሉ ያብጣል ወይም ጠርዙ ይሞገዳል። ትንሽ ሞገድ ባለሙያ አርጥቦና ወጥሮ ያስተካክለዋል። በእግር ተጭነውት እዚያ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ብቅ የሚል እብጠት ግን አይድንም።

ዋጋው በካሬ ሜትር ከሆነ ስፋቱን ራስዎ ያስሉ። አንዳንድ ሻጭ ወርዱን በቁመቱ አባዝቶ 2 ሜትሩን ክብ 4 ካሬ ሜትር ያደርገዋል። ትክክለኛው የግማሽ ወርዱ ካሬ በ3.14 ሲባዛ ነው፤ 1 × 1 × 3.14 = 3.14 ካሬ ሜትር። ከጎን እስከ ጎን 2 ሜትር የሆነ እኩል ጎኖች ያሉት ባለ ስምንት ማዕዘን ወደ 3.3 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ለሞላላ ግማሽ ቁመቱን በግማሽ ወርዱ፣ ከዚያ በ3.14 ያባዙ።

ደረጃ 6፦ ቋጠሮ ይቁጠሩ

በታብሪዝ ጥራት የሚነገረው በ"ረጅ" ነው፤ በ7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ ያለው የቋጠሮ ብዛት ማለት ነው። 50 ረጅ ከተባለ ጀርባው ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ለክተው በአግድም ወደ 50፣ በቁመትም ወደ 50 ማግኘት አለብዎት። ይህ በ1 ካሬ ሜትር ወደ 510,000 ቋጠሮ ነው። 2 ሜትር ወርድ ያለው ክብ ወደ 1.6 ሚሊዮን ይሆናል፤ በቀን 8,000 የምትቋጥር ሸማኔ ለ200 ቀን ትቀመጥበታለች። ዋጋው ከዚህ ልፋት ጋር የማይመጣጠን ርካሽ ከሆነ አንዱ ነገር ውሸት ነው።

ሲቆጥሩ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ድሮቹ ጎን ለጎን የተኙ ከሆነ አንዱ ቋጠሮ ጀርባው ላይ ሁለት እብጠት ያሳያል፤ አንደኛው ድር ከሌላው ጀርባ ተሰውሮ ከሆነ አንድ ብቻ። የተለየ ቀለም ያለው ነጠላ ነጥብ ፈልገው፣ እብጠቱ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከመጣ የአግድሙን ድምር ለሁለት ያካፍሉ።

በናዒን መለኪያው "ላ" ነው። ከዘርፉ አንድ የድር ክር ፍቱት፤ ስንት ቀጭን ክሮች እንደተገመዱበት ይቁጠሩ። 4 ላ ከ6 ላ፣ 6 ላ ከ9 ላ ይረቅቃል። በተሰፋ ዘርፍ ላይ ግን ይህ ሙከራ ምንም አይነግርዎትም።

ከንድፍ ነጻ የሆነው ሜዳ ላይ ደግሞ "ጁፍቲ" የሚሉትን ይፈልጉ፤ በሁለት ድር ፈንታ በአራት ድር ላይ የሚቋጠር ቋጠሮ ነው። ሥራውን ያፋጥናል፣ ጸጉሩን ግን ያሳሳል፤ ስጋጃውም ቶሎ ያልቃል። ሜዳው ላይ ያለው እብጠት አበባው ላይ ካለው በእጥፍ ከሰፋ እርሱ ነው።

ደረጃ 7፦ ቀለሙን፣ ክሩንና ጤንነቱን ይፈትሹ

ነጩን ጨርቅ አርሰው ጨምቁትና ቀዩ ላይ ለ30 ሰከንድ ይጫኑት። ቀይ ከወጣ ስጋጃው በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ያበላሸዋል። አዲስ ሰማያዊ ጥቂት ቢነካካ አያስደንግጥዎት፤ ኢንዲጎ ከክሩ ላይ ላዩን የሚቀመጥ ቀለም ነው። ከዚያ ጸጉሩን ገለጥ አድርገው ሥሩን ከጫፉ ጋር ያስተያዩ። ሥሩ ደማቅ፣ ጫፉ ግራጫ ከሆነ ቀለሙ ብርሃን አይችልም። "ሮናስ" ከሚባለው ሥር የሚገኘው ቀይ፣ በአገራችን እንጭብር ከሚባለው ተክል ጋር አንድ ወገን የሆነው፣ ቀስ እያለ ይለዝባል እንጂ እንዲህ አይገረጣም።

በአሮጌ ስጋጃ ላይ ጥቁሩና ቡናማው ከሌላው ቀለም ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ በብረት ማቅለሚያ የተነከረ ሱፍ ከዕድሜ ጋር ስለሚበላ ነው፤ ጉድለት ሳይሆን የዕድሜ ምስክር ነው።

ሐር ነው ከተባሉ፣ በሻጩ ፈቃድ ሁለት ሦስት ጸጉር ወስደው ያቃጥሉ። ሐር እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ይፈርሳል። የወረቀት ሽታ ካለው አርቴፊሻል ሐር ወይም የተወለወለ ጥጥ ነው።

በመጨረሻም ስጋጃውን በቀስታ አጠፍ አድርገው ጆሮዎን ያቅርቡ። እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ ድሩ በእርጥበት በስብሷል፤ እንዲህ ያለውን የሚያድን ጠጋኝ የለም። ግላስና ኮርጂን ላይ እጥፋቱ ቦታ ላይ በተለይ ይሞክሩት።

ደረጃ 8፦ ከመክፈልዎ በፊት

በደረሰኙ ላይ የተሠራበት ከተማ ወይም ጎሣ፣ የድሩና የጸጉሩ ዓይነት፣ መጠኑና "በእጅ የተቋጠረ፣ ያልተቆረጠ" የሚል ቃል ይጻፍልዎት። ከዱባይ ወይም ከሻርጃ ገዝተው ወደ አሜሪካ ለመላክ ያሰቡ ደግሞ ልብ ይበሉ፦ የኢራን ስጋጃ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ከኦገስት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እገዳው እንደገና ተጥሏል። ከመግዛትዎ በፊት የአሜሪካ ጉምሩክን ይጠይቁ፤ ሻጩ "ችግር የለም" ቢልዎት ዕቃው የሚያዘው ከእርስዎ እጅ ነው።

ደረጃ 9፦ ቤት ሲደርስ

ከሥሩ የማያንሸራትት ምንጣፍ ያድርጉ። ልኩን ለማውጣት መሐሉ ላይ ሚስማር ተክለው በክር ያክብቡ፤ ክሩ ከስጋጃው ግማሽ ወርድ 3 ሴንቲ ሜትር ይጠር። ክብ ስጋጃ ያለው ጸጋ በየስድስት ወሩ በሩብ ዙር ሊዞር መቻሉ ነው፤ ፀሐይና እግር እኩል ይደርሱታል። በቫኪዩም ሲያጸዱ የሚሽከረከረውን ብሩሽ ያጥፉ፣ ዘርፉን አይንኩ።

ቡና ከፈሰሰ ሳይፈትጉ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ይምጠጡት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ደጋግመው ይጫኑ። በረኪናና የዱቄት ሳሙና አያስጠጉ፤ ሱፍና ሐር አይችሏቸውም። ረከቦትና የዕጣን ማጨሻም ከስጋጃው ይራቁ። የከሰል ፍንጣሪ ቢወድቅ ሱፍ በቀላሉ አይነድም፣ ጫፉ ብቻ ይጠቁራል፤ የጠቆረውን በቢላ ጀርባ ቀስ አድርገው ይፋቁት።

ግላስንና የጨው ከረጢትን ግድግዳ ላይ መስቀል ይሻላል። በሚስማር ግን አይውጉት። ከላይኛው ጠርዝ ጀርባ የጥጥ ጥብጣብ ከዳር እስከ ዳር በመርፌ ይስፉ፣ ክብደቱ እንዲከፋፈል በዚያ ይስቀሉት። የግላሱን ስንጥቅ ሁለት ከንፈሮች ከጀርባ ባለው ጨርቅ ላይ ላላ አድርገው ይያዟቸው፣ አለዚያ በራሱ ክብደት ይከፈታል።

ብል የሚወደው ጨለማና የማይነካ ቦታ ነው፤ በየሦስት ወሩ ከዕቃ ሥር ያለውን ገልብጠው ይዩ። ነጭ የሐር ቱቦ የመሰለ ወይም እንደ አሸዋ ያለ ፍርፋሪ ካገኙ ገብቷል ማለት ነው። ኮርጂን፣ ግላስና የጨው ከረጢት በቤት ማቀዝቀዣ ይድናሉ፦ በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ አየሩን አስወጥተው፣ አፉን አሽገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሳምንት ያቆዩ። ሲያወጡት ወዲያው አይክፈቱት። 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ ጤዛው ከፕላስቲኩ ላይ እንጂ ከሱፉ ላይ እንዳያርፍ።